የእመ ቋጥኝ ውሰት

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀረ። ገብሱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ አመድማ ሆነ፣ ከዚያ ነፋስ ወሰደው። ከብቱ በየሜዳው ወደቀ፤ ጥንብ አንሣው ከመጥገቡ የተነሣ መብረር አቃተው። የሰንዳራ መንግሥት ሰባት ወንዞች ነበሩት፤ አምስቱ ቆሙ። ለሞተ ሰው አልቃሽ አልጠፋም፤ አልቃሹ ግን እንባ አጣ።

ይህ የሆነው የቤተ ጉባኤው በር ከታነጸ በአርባ ዘጠነኛው ዓመት ነው። ቁጥሩን በልቡ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም በር ጠባቂው ጓንጉል ነው።

ቤተ ጉባኤው የመንግሥቱ ሊቃውንት ሁሉ የሚወጡበት ታላቅ የትምህርት ስፍራ ነው። እመ ቋጥኝ በሚሉት ተራራ ራስ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያው ገደል ነው፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ በር። በበሩ ላይ ሦስት የድንጋይ ምስሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሦስት ሰው ቁመት አላቸው። አንደኛዋ እውነት ናት፤ ባዶ መዳፎቿን የዘረጋች ሴት። ሁለተኛዋ ትዕግሥት ናት፤ እንስራ አዝላ የተቀመጠች አሮጊት። ሦስተኛው ፍትሕ ነው፤ ሰባት ቋጠሮ ያለው የመለኪያ ገመድ የያዘ ሽማግሌ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ መጪው ሰው አዙረው ይኖሩ ነበር። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ለእውነት መዳፉን ያሳያል፤ ለትዕግሥት አንድ እንስራ ውኃ ከሥር ተሸክሞ ይወጣል፤ ከፍትሕ ገመድ አጠገብ ቆሞ ይለካል። ከዚያ ጓንጉል በሩን ይከፍትለታል።

አንድ ማለዳ ጓንጉል መወርወሪያውን ሊያነሣ ሲወጣ ሦስቱ ምስሎች ወደ ውስጥ ዞረው አገኛቸው። መሬቱ ላይ ምንም ፋና የለም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ጀርባቸውን ሲያይ የኖረ ሰው ያን ቀን ፊታቸውን አየ። እነሱም እሱን አዩት። የቆየ ሳሉ መጣበት፤ ግንቡን ይዞ ሳለ።

ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ዘለቀ የሚባል ቀልደኛ ልጅ፣ «ውጭ የሚታይ ነገር ቢያጡ እኛን ሊያዩ ዞሩ!» አለና እየሳቀ ደፉን ረገጠ። ሦስተኛውን እርምጃ አልጨረሰም። እግሩ አመድማ ሆነ። አመዱ ወደ ወገቡ ወጣ፣ ወደ አንገቱ ወጣ። ባልንጀራው ላቀው እጁን ይዞ ቢጎትተው እጁ ቀዝቅዞ ከበደበት። እኩለ ቀን ላይ ዘለቀ ድንጋይ ነበር። ሳቁ ጥርሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በበሩ የወጣ የለም። በገደሉ በኩል ገመድ የጣሉ ነበሩ፤ ገመዱ እንደ ሸክላ ተሰበረ። በአምባው ላይ ሦስት መቶ ነፍስ ተዘጋበት። የሚጠጡት ውኃ ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በየቀኑ አንድ ክንድ ይወርዳል። ሰው መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ጸለየ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ጓንጉል ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ዝም እንዳለ ነበር። ምክንያቱን ያውቅ ነበርና።

በዘጠነኛው ቀን የቤተ ጉባኤው አለቃ፣ ሊቀ ጉባኤ ናቁጥ፣ ሰውን ሁሉ በአደባባይ ሰበሰቡ። መጻሕፍቱን ሁሉ አስመርምረው ነበር፤ መልስ አላገኙም። ያን ጊዜ ትርሲት ወደ መሐል ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። ምስሎቹን የጠረበው የታላቁ ጌራ የልጅ ልጅ ናት፤ የግቢውን ግንብ የምትጠግነውም እሷ ናት። መሮ አያያዝ ያስተማራት ጓንጉል ነው። የአያቷን መዶሻ ከፍ አድርጋ ማለች።

«በቆመው ድንጋይ፣ በወደቀው ፍንካች እምላለሁ! ነገ ፀሐይ የበሩን ራስ ስትነካ የአያቴን ሥራ በአያቴ መዶሻ አፈርሳለሁ። አንድ እጄ ድንጋይ ቢሆን በሌላው እመታለሁ!»

«ሌላውም ድንጋይ ሲሆን?» አለ ላቀው። ባልንጀራው ድንጋይ ከሆነ ወዲህ ቃል ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር። «በጥርስሽ ልትነክሻቸው ነው?»

«በአንተ ራስ እመታቸዋለሁ። ከእሱ የጠነከረ ድንጋይ በዚህ ተራራ አላየሁም።»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሰው ሳቀ። ጓንጉል አልሳቀም። ልጅቷን ያውቃታል፤ ካለች ታደርገዋለች። ነገ በዚህ ሰዓት እንደ ዘለቀ መዶሻዋን አንሥታ ቆማ ትቀራለች። እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ዝም ቢል ዝምታው ከእሱ ጋር ይቀበራል። ይህን አሰበ። አሳፈረው። በትሩን ተደግፎ ተነሣ።

«አትንኪያቸው፣ ልጄ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የኔ ነው።»

አደባባዩ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«የጠራቢ ሕግ አለ» አለ ጓንጉል። «ድንጋይ ከተራራ አይገዛም፤ ይዋሳል። ምስሉ ይቆማል፤ ከምስሉ የወደቀው ፍንካች ሁሉ ግን ወደተቆረጠበት ጉድጓድ ይመለሳል። የውሰቱ ዘመን አርባ ዘጠኝ ክረምት ነው። ጠራቢውም ሲሞት እዚያው ይቀበራል፤ ደረቱ ውስጥ የተራራው አቧራ አለና።»

«ይህ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም» አሉ ሊቀ ጉባኤው።

«ጠራቢ አይጽፍም፣ ጌታዬ። ይመልሳል። እኔ ነኝ ያልመለስኩት።»

ሳሉ እስኪያልፍለት ቆየ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ያን ጊዜ የጌራ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ፍንካቹን የመመለስ ሥራ የእሱ ነበር። የእውነት ፊት ሲጠረብ የወደቀው ፍንካች በፀሐይ ያበራል። ወደ ጉድጓድ ሊጥለው እጁ እምቢ አለው። ይህን የመሰለ ነገር በጨለማ አይቀበርም፤ ተማሪ ሁሉ እየረገጠው ይግባ፣ በረከት ነው አለ። የሦስቱንም ምስሎች ፍንካች ከበሩ ደፍ ሥር ደለደለው፤ በላዩም ንጣፉን አነጠፈ። በዓመቱ ሊቃውንቱ ወደ ድንጋዩ ጉድጓድ የሚያስገባውን መውረጃ ውኃ ሞሉበት፤ የአምባው መጠጫ ጉድጓድ እሱ ነው። ጌራም ሲሞት ወደ ጉድጓዱ መግቢያ ስላልነበረ በአጸዱ ውስጥ በክብር ተቀበረ።

ትርሲት መዶሻዋን ዝቅ አደረገች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጓንጉልን «አባ» እያለች ነው ያደገችው።

«አያቴ ሲሞት አጠገቡ ነበርክ» አለችው። «አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል። ፍንካቹን መለስክ ወይ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«መልሻለሁ አልኩት።»

«አንተ» ብላ መጥራቷ በበትር ከመመታት ይልቅ አመመው። ከኋላ አንዱ፣ «ደፉ ላይ አቁሙት! እሱ ድንጋይ ይሁን!» ብሎ ጮኸ። ብዙ ድምፅ ተከተለው።

«የድንጋዩን ጉድጓድ መንገድ የሚያውቅ ከእሱ በቀር አለ?» አለች ትርሲት። «እንግዲያው አትንኩት። ውኃው ወርዷል፤ ወደ ድንጋዩ የሚወስደው ዋሻ አፍ ትናንት ብቅ ብሏል፤ አይቼዋለሁ። ፍንካቹን ቆፍረን እንወስዳለን። መሐላዬን አሻሽላለሁ፦ ያልተመለሰውን ሳልመልስ የቀን ብርሃን አላይም!»

ላቀው ተነሣ። «ዘለቀን እንደዚያ ሲስቅ ትቼው አልኖርም። እኔም እሄዳለሁ። ራሴ ካስፈለገም፣ ያውላችሁ።»

ደፉን በደረታቸው ተኝተው ቆፈሩ። ወደ ውጭ የሚራመደውን እንጂ ወደ ታች የሚቆፍረውን ምስሎቹ አልነኩም። ግን ያዩ ነበር። ፍንካቹ አርባ ስልቻ ሞላ። ትርሲት ብቻዋን ወደ አጸዱ ሄዳ የአያቷን አጽም አወጣች፤ በነጠላዋ ጠቅልላ በጀርባዋ አዘለችው። ጓንጉል ሊረዳት ቀረበ። በእጇ መለሰችው።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ውኃው ጉድጓድ ወረዱ። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ዋሻው ውስጥ ተማሪው በሰልፍ ቆሞ ስልቻውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈ። ሰልፉ ማነቂያ ከሚሉት ጠባብ ቦታ ላይ ቆመ። ከማነቂያው ወዲያ ጎርባ አለ። ጎርባ የተራራው አውሬ ነው፤ ወይፈን ያክላል፣ ዓይን የለውም፣ ምላሱ የሞረድ ያህል ሻካራ ነው። ድንጋይ እየላሰ ይኖራል፤ የተራራውን ከሌላው የሚለየው በምላሱ ነው። ከማነቂያው ወዲያ ለማለፍ የደፈሩት ሦስት ብቻ ሆኑ፦ ትርሲት፣ ጓንጉልና ላቀው።

ትርሲት አለፈች። ጓንጉል ተከተላት። በወጣትነቱ በዚህ ቦታ መሮ ይዞ እየሮጠ ነበር የሚያልፈው፤ ምስሎቹም የወጡት በዚሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተራራው እየገጠመ ጠቧል። አሁን ድንጋዩ ከደረቱና ከጀርባው ያዘው። ሲተነፍስ ይጠብቅበታል፤ ሳይተነፍስ ደግሞ ሳሉ ይመጣል። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ኩራዙ ከፊቱ ራቀ። አርባ ዘጠኝ ዓመት በልቡ ይዞት የኖረው ነገር እንደዚህ ነበር፤ እንግዳ አልሆነበትም።

«አባ ጓንጉል፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ!» አለ ላቀው ከኋላው። «የንጉሥ ልጅ መንገድ ዘግተዋል!»

«የየትኛው ንጉሥ?»

«ከዚህ በሕይወት ከወጣሁ እኔው እነግሣለሁ። በሉ፣ ትንፋሽዎን ሁሉ ያውጡ፤ ልገፋዎት ነው።»

ጓንጉል ትንፋሹን አወጣ። ላቀው በትከሻው ገፋው። ቆዳው ድንጋዩ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን አለፈ።

ስልቻዎቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ ወሰዱ። ጉልበታቸው ደማ፣ ኩራዛቸው ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ዋሻው ሰፋ። ከመሐሉ ሦስቱ ምስሎች የወጡበት ጉድጓድ ተከፍቷል። በግድግዳው ላይ የጌራ መሮ የቀረጻቸው ሰባት ጭረቶች አሉ፤ እንደ ፍትሕ ገመድ ቋጠሮዎች ሰባት ናቸው። ሁሉም ሲሸፈኑ ውሰቱ ተመልሷል ማለት ነው።

ጎርባ ከጉድጓዱ ማዶ ተኝቶ ነበር። ራሱን አነሣ። ትርሲት መዶሻዋን ጨበጠች።

«አስቀምጪው» አለ ጓንጉል በሹክሹክታ። «ባለ ዕዳ መሣሪያ አያነሣም። ስልቻውን ፍቺና አቅምሺው።»

ፈታችው። አውሬው መጣ። ትንፋሹ የእርጥብ ዋሻ ሽታ ነበረው። ፍንካቹን ላሰ፤ አንድ ጊዜ አቃሰተ። እናት ላም ጥጃዋን ስታገኝ የምታወጣው ድምፅ ነበር። ከዚያ መንገድ ለቀቀ።

አርባውን ስልቻ ገለበጡ። የፍንካቹ ድምፅ በዋሻው ውስጥ ረጅም ጊዜ አስተጋባ። አምስት ጭረቶች ተሸፈኑ። ሁለት ቀሩ።

ትርሲት የአያቷን አጽም ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ጉድጓዱ ወረደች፤ በፍንካቹ ላይ በቀስታ አሳረፈችው። «አያቴ፣ ቤትህ ገብተሃል» አለች። ፍንካቹ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ከፍ አለ። አጽሙን ዋጠ። ስድስተኛው ጭረት ተሸፈነ።

ሦስቱም ሰባተኛውን አዩ። ጠበቁ። ፍንካቹ አልተንቀሳቀሰም።

ላቀው ስልቻዎቹን አንድ በአንድ አራገፈ፤ የልብሱን አቧራ ሳይቀር አራገፈ። «ምን ቀረ?» አለ። «ከደፉ ሥር በጣቴ ጠርጌ ነው ያወጣሁት። ምን ቀረ?»

ጎርባ ተነሣ። በጉድጓዱ ዙሪያ ሄዶ በመጡበት ዋሻ አፍ ላይ ተኛ፤ ገላው አፉን ሞላው። ከወዲያ የተማሪዎቹ ኩራዝ ብርሃን ጠፋ። ተዘጋባቸው።

አውሬው አንገቱን ዘረጋ። መጀመሪያ ላቀውን ላሰው፤ ወዲያው ራሱን አራገፈ፣ ተፋ።

«ምን ጎድሎኝ ነው?» አለ ላቀው ፊቱን እየጠረገ። «እናቴ በማር ነው ያሳደገችኝ።»

ቀጥሎ ትርሲትን ላሳት። ከእጇ ጀምሮ ወደ ደረቷ ወጣ፤ እዚያ ቆመ። አልተፋም። ጆሮውን ደረቷ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ በግንባሩ ወደ ጉድጓዱ ይገፋት ጀመር፤ በቀስታ፣ እንደ እረኛ።

ጓንጉል ያን ጊዜ ገባው። ሲጠረብ ሁሉም ወደ መሬት አልወደቀም። ከፊሉ ተተነፈሰ። የጌራ ድርሻ ከጌራ ጋር ተመልሷል። የቀረው የደቀ መዝሙሩ ድርሻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ውስጥ ሲፋጭ የኖረው ነው። አውሬው ዓይን የለውም። መጀመሪያ ያገኘው የጠራቢ ደረት የትርሲት ነው፤ ስለዚህ እሷን መረጠ።

በሁለቱ መሐል ገባ። ልብሱን ቀደደና የአውሬውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ደረት አዞረው።

«የእሷ አቧራ ገና እፍኝ አይሞላም» አለ። «እኔን ቅመስ።»

ጎርባ ላሰው። ያቃሰተው ድምፅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ረጅም ነበር። ልጅቷን ተዋት።

«አይሆንም!» አለች ትርሲት። ክንዱን ያዘችው። «ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ምያለሁ!»

«መሐላሽ ያልተመለሰውን እመልሳለሁ ነው። ይኸው ቆሜልሽ የለም?» ክንዱን ከእጇ አላቀቀ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደ ጥንት ጠራቢዎች ቀኝ እጁን በዓለቱ ላይ አደረገ። «እመ ቋጥኝ ሆይ፣ ስሚ! ከአካልሽ የወሰድኩትን በረከት ብዬ ደበቅኩት። ለመምህሬ በሞቱ ሰዓት ዋሸሁት። አርባ ዘጠኝ ክረምት በልጅሽ በእውነት ደጅ ላይ ተቀምጬ ሰውን መዳፍህን አሳይ እያልኩ የኔን ጨብጬ ኖርኩ። ዛሬ እከፍተዋለሁ። በኔ የያዝሻቸውን ልቀቂ!»

ወደ ጉድጓዱ ወረደና በፍንካቹ ላይ ተጋደመ። ጌራ ካረፈበት ብዙ አይርቅም። ፍንካቹ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ትዝታውም ያበራ ነበር፣ በዚያች ኩራዝ እንኳ። ጎርባ ከላዩ ቆሞ በዚያ ሻካራ ምላስ ደረቱን ይልስ ጀመር። አላመመውም። ደረቱ ውስጥ የነበረው ፍጭት ከሥሩ ተነቃነቀ፤ እንደ ጉም ሆኖ በአፉ ወጣ፤ በፍንካቹ ላይ ረገፈ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ብዛቱ የሰውየውን የራሱን ያህል ነበር። ፍንካቹ በጎኑ ከፍ እያለ መጣ። ወገቡን ሸፈነ። ትርሲት ከዳር ተንበርክካ እጁን ይዛ ነበር።

ከዚያ ጓንጉል ተነፈሰ። አየሩ እስከ ደረቱ ግርጌ ወረደ፤ ያለ ሳል፣ ያለ ፍጭት። እንደዚህ የተነፈሰው መሮ ከመያዙ በፊት ነበር። ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ረስቶት ኖሯል።

ሰባተኛው ጭረት ተሸፈነ።

ተራራው ከሩቅ ሦስት ጊዜ አጉረመረመ። ጎርባ ከዋሻው አፍ ተነሥቶ ወደ ጨለማው ሄደ። ከዚያ ከሩቅ ጩኸት መጣ፤ በሰልፉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ፣ በውኃው ጉድጓድ ወርዶ፣ በማነቂያው አልፎ እየቀረበ መጣ። «ዞሩ! ወደ ውጭ ዞሩ! በሩ ለቀቀ!» ከኋላው ሌላ ጩኸት ተከተለ። «ዘለቀ ሳቁን ጨረሰ! ምን ሆናችሁ ነው ይላል!»

ላቀው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፍንካቹ የጓንጉልን አንገት ደርሶ ነበር። ዓይኑ ገና ክፍት ነው። ትርሲት ወደ ጆሮው ጎነበሰች። የጠራቢ ሥርዓት ነው፤ ሲያልፍ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጠያቂው የቅርብ ሰው ነው።

«አባ» አለችው፣ «ፍንካቹን መለሱ?»

«መልሻለሁ» አለ ጓንጉል።